የቤቱ ሰው ስንት ነው

ኖሉንዲ የባሏን ኮት ገመድ ላይ ትሰቅላለች። ምዙኪሲ ወደ ወርቅ ማዕድን ማውጫው ለሥራ ሲሄድ ትቶት የሄደው ኮት ነው። ዓመት በመጣ ቁጥር አየር ታስመታዋለች እንጂ ውሃ አታስነካውም፤ ጠረኑ አለበት። ደግሞስ በአገሩ ታጥቦ ለዘመድ የሚሰጠው የሟች ልብስ ነው። ይሄ ገና ባለቤት አለው።

ዛሬ ፀሐይ የለም። ከባሕሩ የተነሣው ጉም ኮረብታውን ውጦ የከብቶቹ በረት ላይ ተኝቷል። ልጇ ዞሌካ የበረቱ ካብ ላይ ወጥታ ስልኳን ወደ ሰማይ ዘርግታለች፤ ኔትወርክ የሚገኘው እዚያች ድንጋይ ላይ ብቻ ነው። ለነርስነት ትምህርት ዩኒቨርሲቲ ተቀብሏታል፤ የሚከፍልላት ካገኘች ነው ታዲያ። የእርዳታው ማመልከቻ ዛሬ ማታ ይዘጋል።

ከካቡ ሥር አያቷ ብርድ ልብስ ተከናንበው፣ ተኙ ሲባል ይነቃሉ፣ ነቁ ሲባል ይተኛሉ። በአገሩ ወግ ምራት የአማቷን በረት አትጠጋምና ኖሉንዲ ከገመዱ አታልፍም። እዚያው ቆማ ትሰማለች።

«አባባ፣ በቤቱ ስንት ሰው ይኖራል ይላል።»

«ማነው የሚለው?»

«የሚከፍሉልኝ ሰዎች ናቸዋ።»

«መጥተው አይቆጥሩም? እግር የላቸውም?»

«ሦስት ልበል?»

«ምነው አንቺ ልጅ፣ ቤቱን ወና አደረግሽው እኮ።» ሽማግሌው ጣታቸውን ማጠፍ ይጀምራሉ። «አንቺ። እናትሽ። እኔ። አባቴ፣ ይኸው እዚህ በረቱ አፍ ላይ አፈር ለብሶ የተኛው። እናቴ…»

«አባባ፣ የሚቆጠረው የሚበላ ሰው ነው።»

«እነሱስ አይበሉም? ጠላ ሲጠመቅ መጀመሪያ መሬት ላይ የሚፈሰው ለማን ነው፣ ለዶሮ ነው?»

ኖሉንዲ አፏን በሻሿ ጫፍ ሸፍና ትስቃለች። አይ ሽማግሌ። ስም በጠሩ ቁጥር ግን ጉሙ ውስጥ አንድ ሰው መጥቶ፣ ልብሱን ሰብስቦ፣ ካቡ ሥር የሚቀመጥ ይመስላታል። ደስ ይላታል፤ አትፈራም።

«ቀጥሎ የአባት ነው» ትላለች ዞሌካ፤ ድምፅዋ ዝቅ ይላል። «በሕይወት ካለ ይፈርም ይላል። ከሌለ በሕይወት የለም ብዬ ዛሬ እሞላና፣ በኋላ የቤቱ አባወራ ሹሙ ፊት ይመሰክራል። ምን ልበል?»

ምዙኪሲ ከሄደ ደብዳቤ የለ፣ ሬሳ የለ። ሽማግሌው ግን ማታ ማታ ለልጃቸው ምግብ ያስቀምጣሉ፤ እሳቸው ሳይሉ ሞተ የሚል አፍ በዚህ ቤት የለም። ኖሉንዲ ልጇ ለትምህርቱ እንድትሄድላት ትፈልጋለች። ያቺን ቃል መስማት ደግሞ አትፈልግም። ሁለቱንም በአንድ ልብ ይዛ ትጠብቃለች።

ላሞቹ እረኛ ሳያስፈልጋቸው ከጉሙ ወጥተው አንድ በአንድ ይገባሉ። ሽማግሌው የተኙ ይመስላሉ።

«ቆጠራዬን አስረሳሽኝ» ይላሉ ቆይተው። «የት ደርሼ ነበር?»

«እናትዎ ጋ።»

«እናቴ። ወንድሜ፣ ወንዙ የወሰደው። እኅቴ። አጎቴ። ሚስቴ።» አንድ ጣት ትቀራቸዋለች። ያዩዋታል፣ ያዩዋታል፣ ከዚያ ያጥፏታል። «ምዙኪሲ።»

ዞሌካ ስልኩን አትነካም። «አባባ…»

«ሙዪ። ሹሙ ዘንድ ነገ እኔው እሄዳለሁ። ልጄ የልጁ መንገድ ላይ ተገትሮ አይቀርም።»

ኖሉንዲ ታዝናለች፤ ደግሞ ይቀላታል፤ ስለቀለላትም ታፍራለች። ካቡ ላይ የልጇ ጣት ሲንቀሳቀስ ታያለች። ጉሙ ውስጥ አንድ ሰው፣ ቁመቱ ረዘም ያለ፣ ከአያቶቹ ጎን ቀስ ብሎ ይቀመጣል።

ኮቱን ከገመዱ ታወርዳለች። ኮሌታው ውስጥ ፊቷን አንዴ ትቀብራለች። ከዚያ ሳፋውን አምጥታ ውሃ ትሞላና ታገባዋለች። መጀመሪያ አልጠልቅ ይላል፤ እጅጌዎቹ አየር ሞልቷቸው ይንሳፈፋሉ። እጇን ትከሻው ላይ አድርጋ፣ ውሃው እስኪገባው ትጠብቃለች።