አዲሱ ሻሽ

ሃሊሞ ልጇ ያመጣችላትን ሻሽ መስታወት ፊት እያሰረች ሳለ በሩ ተንኳኳ። ከጅቡቲ በባቡር የገባ፣ ለስላሳ አረንጓዴ ሻሽ ነው። ገንዘቡን ከየት አመጣሽው ብትላት፣ ናፊሳ ቆጥቤ ነው ብላታለች። አስራ አንደኛ ክፍል ከገባች ወዲህ ወሬዋ ሁሉ ቁጠባ ሆኗል፤ መምህር ጉግሳ፣ ዝም ብሎ የተቀመጠ ብር የሞተ ብር ነው ብሏቸዋል አሉ። ሃሊሞም ተባረኪ ብላ መረቀቻት። የሰፈሯ የመጋላ ሴት ሁሉ እስኪያያት ቸኩላለች።

የገቡት ጎረቤቷ፣ ጋሪ ነጂው አባ ሸረፈዲን ናቸው። ጫማቸውን በር ላይ አወለቁና የፈረሳቸውን ልጓም ጥግ ተቀምጣ በነበረችው በናፊሳ ፊት አስቀመጡ። ለመኖ ከሷ የተበደሩትን መልሰዋል፤ የቀረው ጭማሪው ነው። እሱን እስኪያገኙ ልጓሙ መያዣ ይሁንሽ አሏት፣ አንገታቸውን ደፍተው። ያለ ልጓም ደግሞ ጋሪው አይነቃነቅም፣ ቤታቸውም አይበላም።

«የምን ጭማሪ?» አለች ሃሊሞ።

«ወለዱ ነዋ እማ። ያንቺም ሻሽ የተገዛው በሱ ነው።»

ያ አላህ! ወለድ፣ ያውም በሃሊሞ ቤት! ናፊሳን ልትወልድ ምጥ ሲያጣድፋት በጋሪያቸው ሐኪም ቤት ያደረሷት እኚሁ ሰው ናቸው፤ ያን ለት ሒሳብ የሚል ቃል ካፋቸው አልወጣም። ልጅቱ ግን ልጓሙን አንስታ፣ ቆዳው አርጅቶ እንደሆነ እያገላበጠች ታያለች። ሃሊሞ የገዛ ልጇን ማየት ቀፈፋት።

«አስተማሪሽ ነው ይህን ያስተማረሽ?»

«እሱማ ባንክ አስቀምጡ ነው ያለን» አለች ናፊሳ ኮራ ብላ። «ሰፈር ውስጥ የተሻለ እንደሚያስገኝ ያወቅኩት እኔ ነኝ።»

ሃሊሞ ከተዳረች ወዲህ ጸጉሯን ያየ ባዕድ ወንድ የለም። ሻሹን ከራሷ ላይ መንጭቃ ደጅ ወረወረችው። ልጓሙን ከልጇ እጅ ቀማችና በሁለት እጇ ለሽማግሌው ሰጠች።

«አፉ በሉኝ አባ» አለች።

አባ ሸረፈዲን ልጓሙን ተቀብለው፣ ራሷን ላለማየት ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ሃሊሞ ባዶ ራሷን እንደቆመች ወደ ደጅ አየች። ናፊሳ ሮጣ ወጥታ የሻሹን አቧራ ታራግፋለች፤ ተተርትሮ እንደሆነም ጠርዝ ጠርዙን ትመረምራለች።