የአንዲት ድምፅ አሻራ

ክቡራን መራጮች ሆይ! በምርጫ ጣቢያችን በሲባጎ ታስሮ የነበረው ብቸኛው እስክሪብቶ በዛሬው ዕለት መሰወሩን በታላቅ ሐዘን እናስታውቃለን።

ስለዚህ ሁሉም በአውራ ጣቱ አሻራ መረጠ። ይህ የምርጫ ክልል ላለፉት አራት ምርጫዎች፣ አንድም ድምፅ ሳያጎድል፣ እኚያኑ አዛውንት ወደ ክልሉ ምክር ቤት ሲልክ ኖሯል። ዘንድሮ ግን ቆጠራው ላይ ለተቃዋሚው የተሰጠች አንዲት ወረቀት ተገኘች። አሻራዋ መሃል ለመሃል በጠባሳ ተሰንጥቋል።

የቀበሌው ሊቀመንበር በሩን ቆለፈና "አውራ ጣት አውጡ!" አለ።

ከመራጮቹ መሃል የነበረ አንድ ልብስ ሰፊ አውራ ጣቱን ቀስ ብሎ ዘረጋ። አውራ ጣቱን መቀስ የሰነጠቀው አምና ነው።

"ያዝኩህ፣ አንተ ከሃዲ!"

"ኧረ በልጆቼ! እኔ የመረጥኩት እሳቸውን ነው!"

"ጠባሳህ እንደዚያ አይልም። መኪናው ውጭ ቆሟል፤ ቅደም!"

በክፍሉ ፊት ለፊት ወንበር ላይ የተቀመጡት፣ ለሃያ ዓመት ሲመረጡ የኖሩት አዛውንት ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ልቀቀው።"

ቀለም የነካ አውራ ጣታቸውን ከጋቢያቸው ሥር አወጡ። ጠባሳው ቁርጥ ወረቀቷ ላይ ያለውን ይመስል ነበር።

ሊቀመንበሩን ላብ አጠመቀው። "ጋሼ... በራስዎ ላይ? ለምን?"

ሰውየው ጣታቸውን መልሰው ጋቢው ውስጥ ከተቱ።

"አልናገርም፤ ድምፅ ምስጢር ነው።"