አርባ ስምንትና አምስት

ጉዳዩ የአራት መቶ ሺህ ብር ጉዳይ ነበር።

አንድ የርቀት ትምህርት ድርጅት ዓመት ሙሉ የመምህራኑን ውይይት የሚቀዳለት ስቱዲዮ ይፈልጋል። ኃላፊዋ ሐሙስ መጥታ ትሰማለች። ድምፁ ከጠራ ትፈርማለች፤ ካልጠራ መንገዱን ተሻግራ ማዶ ያለው ስቱዲዮ ትገባለች። የማዶው ባለቤት ደግሞ በሯን ከፍታ የምትጠብቅ ሴት ናት።

ስቱዲዮው የሁለት ወንድማማቾች ነው። ታላቁ ጨርቅ ሲሸጥ ኖሮ ባጠራቀመው ገንዘብ ከፈተው፤ ታናሹ በሙያው ገባበት። ከመቶ ሃምሳ ሁለቱ የታላቁ፣ አርባ ስምንቱ የታናሹ ድርሻ ነው። ሰፈሩ ታላቁን «ሚዛን» ይለዋል። እንግዳ ሲመጣበት እንኳ መብራት የሚያበራው እንግዳው ከተቀመጠ በኋላ ነው እያሉ ያሙታል።

ሰኞ ዕለት ታናሹ ማጅራቱን እያሻሸ መጣ።

«ጋሼ፣ የደረት ማይኳ ከአዲሱ ሳውንድ ካርድ ጋር አልተስማማችም።»

ሳውንድ ካርድ የሚለው ጠረጴዛው ላይ ያለውን፣ የማይክ ድምፅ ወደ ኮምፒውተሩ የሚያስገባውን ሳጥን ነው።

«ገመዱ ልክ ገብቷል?»

«ገብቷል። ኃይላቸው ነው ያልገጠመው። የሳጥኑ የኃይል ቁልፍ ካልተጫነ ምንም አይሰጣትም። ከተጫነ ደግሞ የሚሰጣት ይበዛባትና ትቃጠላለች።»

«መካከለኛውን ይስጣታ።»

«መካከለኛ የለውም።»

«እልኸኛ ነው በለኛ። ዘመዳችን ሳይሆን አይቀርም።»

ታናሹ ሳቀ። «መሃል የምትገባ ትንሽ ዕቃ አለች። እሷን ብትገዛልን...»

«የሳጥኑ ዋጋ ገና ሳይወጣልኝ? አምስት ሳንቲም አልጨምርም። ባለህ ዕቃ ተብቃቃ።»



ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ታላቁ ደረጃውን ሲወጣ የታናሹን ድምፅ ከመጋረጃው ጀርባ ሰማ። ስልክ ላይ ነው።

«እትዬ፣ እጅሽን አታውለብልቢልኝ፤ ሰው ያይሻል።»

ታላቁ በደረጃው መስኮት አሻግሮ ተመለከተ። የማዶዋ ሴት ስልኳን ጆሮዋ ላይ አድርጋ በረንዳዋ ላይ ቆማለች።

«እሱ የሚሰጠኝ አርባ ስምንት ነው» አለ ታናሹ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አርባ ስምንት ምን ያደርግልኛል? ጉዳት ነው እንጂ። አምስት ካገኘሁ ይበቃኛል። ብቻ ከሐሙስ በፊት ይሁን። ጋሼ እንዳይሰማ አደራ፤ ከሰማ አለቀልኝ።»

ታላቁ እዚያው ደረጃ ላይ ቆሞ ደመረ። አርባ ስምንት ላይ አምስት ሲጨመር ሃምሳ ሦስት ነው። ከእሱ ሃምሳ ሁለት ላይ አምስት ሲቀነስ አርባ ሰባት። ሃምሳ ሦስት የያዘ ሰው ደግሞ ስቱዲዮውን ይዞ መንገድ መሻገር ይችላል።

አባታቸው ሲሞቱ ታናሹ ገና ልጅ ነበር። ጫማ የገዛለት፣ ትምህርት ቤት የከፈለለት፣ ሲታመም አዝሎት ሐኪም ቤት የሮጠው ታላቁ ነው። ያን ዕለት ራት አልወረደለትም።

ረቡዕ ታናሹ ከማዶ ሲመለስ አንድ ነገር ኪሱ ውስጥ ሸሽጎ ገባ። ታላቁ አይቶ እንዳላየ አለፈው።

ሐሙስ ኃላፊዋ መጣች። ውሉን ይዛ ነው የመጣችው፤ የሁለቱም ወንድማማቾች ስም ተጽፎበታል። ታናሹ ለሙከራ ማይኳን ታላቁ ኮት ላይ ሰካትና የክብሪት ቤት የምታህል ጥቁር ነገር ከገመዷ ጋር ኮት ኪሱ ውስጥ ከተተ።

«ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?»

«ገመዱ እንዳይጎተት ነው። አታውጣት፣ ጋሼ።»

ይህን ብሎ ከመስታወቱ ጀርባ ወዳለችው ክፍል ገባና በሩን ዘጋ። ሄድፎኑን ጆሮው ላይ አድርጎ ኮምፒውተሩ ላይ አጎነበሰ።

ታላቁ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሳጥን አየ። ቁልፉ አልተጫነም፤ መብራቱ ጠፍቷል። ማይኳ ገና አትሰማም ማለት ነው። ወንበሩን ወደ ኃላፊዋ አስጠጋ።

«ሳይጀምር አንድ ነገር ላስቸግርዎት። ውሉ ላይ የእኔ ስም ብቻ ይሁን።»

«ለምን? ወንድምዎ ጨዋ ሰው ይመስላል።»

«መምሰሉንማ ይችልበታል። ከማዶዋ ጋር በስውር ተዋውሎብኛል። በዚያ ላይ እጁ አመለኛ ነው። ሁለት ጊዜ ካዝናዬን አጉድሏል።»

ካዝናው አንድም ቀን ጎድሎ አያውቅም። ታላቁ ግን አንዴ ከጀመረ ሒሳቡ ሙሉ እንዲሆን ፈለገ።

«ወሩ ሲያልቅ አስወጣዋለሁ» አለ። «በሕይወቴ የከሰርኩት አንድ ጊዜ ነው፤ እሱን ያሳደግኩ ጊዜ።»

ኃላፊዋ እስክሪብቶዋን አውጥታ አንዱን ስም ሰረዘች። «ድምፁን ልስማና እፈርማለሁ።»

ታናሹ በሩን ከፈተ። ዓይኑን ከወለሉ ላይ አላነሳም። የበደለኛ ዓይን ነው አለ ታላቁ በልቡ። ታናሹ ኃላፊዋን ወደ ውስጥ አስገብቶ ሄድፎኑን ሰጣትና ወደ ወንድሙ ዞረ።

«ጋሼ፣ እስቲ ቁጠር። እስከ አምስት ይበቃል።»

ታላቁ ቆጠረ።

«ጥርት ያለ ነው» አለች ኃላፊዋ። ፈረመች፤ ታላቁን ጨብጣ ሄደች።

አራት መቶ ሺህ፣ በአንድ ሰው ስም። ታላቁ ወንበሩ ላይ ደገፍ አለ።

ታናሹ ጎንበስ ብሎ ማይኳን ከኮቱ ነቀላት። ጥቁሯን ነገር ከኪሱ አውጥቶ ከፈታት። ውስጧ ባትሪ አለ።

«ሳጥኑ የሚሰጠው አርባ ስምንት ቮልት ነው» አለ። «ለማይኳ አምስት ይበቃታል። ይቺ በራሷ ባትሪ ያንን ትሰጣታለች፤ ከማዶዋ ለምኜ በራሴ ገንዘብ ገዛኋት። ዋጋዋን ሰምተህ እንዳትቆጣ ነው የደበቅኩህ።»

ታላቁ ሳጥኑን አየ። መብራቱ አሁንም እንደጠፋ ነው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምትሠራው?»

«ኪስህ ከገባች ጀምሮ።»

ታናሹ የበሩን ቁልፍ ከባትሪው አጠገብ አስቀምጦ ወጣ፤ ሃምሳ ሁለት ላይ አርባ ስምንት ሲደመር፣ የታላቁ ድርሻ ከመቶ መቶ ሆነ።