የጋርላንድ በርሜል

ኦማ ስቲቨርስ ክሊቪስን ከጠላችው ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። መኪናውን ይነዳ የነበረው እሱ ነው፤ ከጎኑ ተቀምጦ የሞተው ደግሞ ልጇ ጋርላንድ። በረዶ ነው አሉ፣ መንገዱ ነው አሉ። እሷ የምታውቀው አንድ ነገር ነው፤ እሱ ቤቱ ገባ፣ ልጇ አልገባም።

የባሰው ደግሞ በየቀኑ መተያየታቸው። ከባርድስታውን ከተማ ወጣ ብሎ ባለው የዊስኪ ፋብሪካ እሷ ቀማሽ ናት፣ እሱ የመጋዘን ሠራተኛ። እሱ ከበርሜል ናሙና ይቀዳል፣ እሷ ትቀምሳለች። «እንደምን አደሩ፣ እማማ ኦማ» ይላታል። እሷ ጠርሙሱን ተቀብላ ፊቷን ታዞርበታለች።

የዚያን ቀን ጠዋት ግን ሰላምታውንም አልሰማችው፤ ልቧ ሌላ ቦታ ነበር። ጋርላንድ ሥራ በገባ ቀን በገዛ እጁ የሞላው በርሜል ዐሥራ ሁለት ዓመት ደፍኗል። በዚያ ፋብሪካ ልማዱ እንዲህ ነው፤ አዲስ ገቢ የመጀመሪያ በርሜሉን ራሱ ይሞላል፣ ራሱ ይወትፋል፣ ስሙ በጠመኔ ክዳኑ ላይ ይጻፋል፣ ሲደርስም ለእሱ ይሆናል። ክሊቪስና ጋርላንድ የገቡት በአንድ ቀን ነውና በርሜሎቻቸው ጎን ለጎን ነበር የተቀመጡት።

ቀማሿ ካሳለፈችው የጋርላንድ ዊስኪ በስሙ ይታሸጋል። ከጣለችው ከሌላው ተራ ዊስኪ ጋር ተደባልቆ ይቀራል። ልጁ ሚስት አላገባ፣ ልጅ አልወለደ። ከዚያ በርሜል ሌላ ከእሱ የተረፋት ምንም የላትም።

«ወይዘሮ ኦማ፣ ለምን ሌላ ሰው አይቀምሰውም?» አላት ሥራ አስኪያጁ ሮይስ። «የልጅ ነገር እኮ ነው፤ አንጀት አይችልም።»

«አፍንጫዬ ዘመድ አያውቅም። መጥፎ ከሆነ መጥፎ ነው እላለሁ!»

ብርጭቆዋን አጥባ ናሙናውን መጠበቅ ጀመረች።

ክሊቪስ ዘግይቶ መጣ። ላብ አጥምቆታል፤ እጅጌው በጠመኔ ብናኝ ነጥቷል።

«የት ተገትረህ ነው?»

«በርሜሉ ከኋላ ሆኖ እስካወጣው ነው፣ እማማ።»

«ከኋላ? ከፊት አልነበረም እንዴ?»

ክሊቪስ አቀረቀረ። የኦማ ደም ፈላ። ልጄን የበላ ሰው ዊስኪውን ቢጠጣበት ምን ይገርማል አለች በሆዷ።

«ስማ፣ ጠጥተህ ውኃ ሞልተህበት ከሆነ በአንድ ጉንጭ ነው የማውቅብህ።»

«ይቅመሱትና ይወቁብኝ» አለ ቀስ ብሎ።

ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ አንስታ ቀለሙን አየች። አፏን ገርበብ አድርጋ አሸተተች። መጀመሪያ የፈለገችው ውኃውን ነው፤ አጣችው። የተቃጠለ ስኳር መጣ፣ ቀጥሎ የበሰለ ቼሪ፣ ከሥሩ የደረቀ የትምባሆ ቅጠል። ተጎነጨች። እንደሚያኝክ ሰው በአፏ አመላለሰችው። የእንጨቱ ምሬት ብቅ ብሎ ለጣፋጩ ቦታ ለቀቀ። በሠላሳ ዓመት ሥራዋ ስትቀምስ ትተፋለች እንጂ አትውጥም፤ ያን ቀን ዋጠች። ሙቀቱ ደረቷ ላይ ቆየ፤ ቆይቶ ቆይቶም አልሄደም።

«የልጄ እጅ ነው!» አለች። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «ኧረ የልጄን እጅ መቼ አጣዋለሁ! ጋርላንድዬ! አልፏል፣ ሮይስ። እንዲህ ያለ ዊስኪ እዚህ ቤት ወጥቶ አያውቅም።»

ሮይስ አቀፋት። ቀና ስትል ክሊቪስ በሩ ላይ ቆቡን አውልቆ ያለቅሳል። ይሄኔ ብግን አለች።

«አንተ ደግሞ ምን ቤት ነህ የምታለቅሰው? ይልቅ ያንተን አምጣ! እኩል አይደል የሞላችሁት? እስቲ እንቅመሰው።»

ልትጥልበት ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም። እንዴት ብላ እንደምትጥለው ቃሉን ሁሉ መርጣ ጨርሳለች።

«የእኔ ይቅር፣ እማማ። አይረባም።»

«እንዴ!» አለ ሮይስ። «በጥቅምት ለልጅህ ሠርግ ነው ስትል አልነበር እንዴ?»

«ቢራ እንገዛለን።»

ኦማ የውታፍ መንቀያውን መዶሻ ከግድግዳው ላይ መንጭቃ ወደ መጋዘኑ ወጣች። ሮይስ ተከተላት። ክሊቪስ ደረጃውን ሁሉ እየለመናት ነው፤ «ይተዉት እማማ፣ በጋርላንድ ይሁንብዎት፣ ይተዉት!»

«ስሙን አትጥራ!»

ሦስተኛው ፎቅ ላይ ሁለቱ በርሜሎች ጎን ለጎን አሉ። የክሊቪስ ስም በጠመኔ የተጻፈበትን በእጇ አንኳኳችው። ባዶ ነው። ጎንበስ ብላ አየች፤ አንዱ ጣውላ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል፤ ያፈሰሰው ዊስኪ ጠቁሮ፣ ደርቆ፣ አቧራ ለብሷል። ከፈሰሰ ብዙ ዓመት ሆኖታል።

«እሰይ!» አለች። «እሰይ፣ እሰይ! ለልጅህ ሠርግ ያልከውን መሬት ጠጣው!»

በዘጠኝ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ክሊቪስ ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ።

«ባዶነቱን ሮይስም ይየው» ብላ ውታፉን ዙሪያውን በመዶሻው መታችው። የእንጨት ውታፉ ተስፈንጥሮ ወጣና እግሯ ሥር ወደቀ። አነሳችው። አዲስ ገቢዎች በርሜላቸውን ከመወተፋቸው በፊት የውታፉን ውስጠኛ ገጽ በጋለ ሚስማር እየተኮሱ ስማቸውን ይጽፉበታል፤ ይሄኛው እንደ ጠመኔ አይጠፋም። ክሊቪስ ብሎ እንዴት እንደሞነጫጨረው አይታ ልትስቅበት ገለበጠችው።

በልጇ ጠማማ የእጅ ጽሑፍ «ጋርላንድ» ይላል።