ያልተወጋው ጠባሳ

ባሏ ካርድ አውጥቶ፣ ወረፋ ጠብቆ፣ እጇን እንደያዘ የቆዳ ሐኪሙ ፊት አስቀመጣት። አንገቷ ላይ ያለው ጠባሳ እንደ ገመድ አብጧል።

“ምን ሆነሽ ነው?” አላት ሐኪሙ።

“ዘይት ፈሶባት ነው፤” ባሏ ቀደማት። “ምልክቱ ጭራሽ እንዲጠፋላት ነው የምፈልገው፣ ዶክተር።”

ሐኪሙ የካንሰር መድኃኒት በትንሽ በትንሹ ጠባሳው ውስጥ ሲወጋ እብጠቱ እየሟሸሸ እንደሚሄድ አስረዳቸው። “ለነፍሰ ጡር ግን አንሰጥም፤ ጽንስ ይጎዳል።”

መርፌው ሲዘጋጅ ስታይ አንገቷን በእጇ ሸፈነች።

“ነፍሰ ጡር ነኝ፤” አለች። “ሁለት ወር ሆኖኛል።”

ባሏ በደስታ ግንባሯን ሳማት። ልጅ ሲናፍቅ ስድስት ዓመቱ ነው። ሐኪሙም መርፌውን አስቀምጦ፣ ለሽንት ምርመራ ከነርሷ ጋር ላካት።

የመጸዳጃ ቤቱ በር እንደተዘጋ የነርሷን ክንድ ጭምቅ አደረገችው።

“እርጉዝ አይደለሁም፣ እህቴ። ዘይቱን የደፋብኝ እሱ ነው። ያለኝ ማስረጃ ይኸው አንገቴ ነው፤ ሳያስጠፋብኝ ለፖሊስ ደውዪልኝ።”

ነርሷ ስልኳን ከኪሷ ስታወጣ በሩ በቀስታ ተንኳኳ።

“ፍቅሬ፣” አለ ባሏ ከውጭ፣ “ውጤቱ ምን አለ?”