የጓዳው ሰማይ

ሰማይ ቀቢው አንገቱን ወደ ላይ አንጋጦ ሃያ ዓመት ከመሥራቱ የተነሳ፣ ሾርባ ሲጠጣ እንኳ ጣሪያ ጣሪያ እያየ ነው ይባልለታል። ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። ጣሪያውን ነጭ ይቀባል፤ በላዩ ብርሃን የሚጠጣውን ቀለም በቀጭን ብሩሽ ጫፍ ጠብ ጠብ ያደርጋል፤ ከዚያ መብራቱን ያጠፋል። ቀን ባዶ የነበረው ጣሪያ በጨለማ ኮከብ ያዘንባል። አንድ ሀብታም መኝታ ቤታቸውን አስቀብተው፣ ደጅ ያደሩ መስሏቸው ጉንፋን ይዟቸው ሳምንት ተኝተዋል። እኔ ሁለት ሳምንት ነው የሰማሁት።

በዚያ ሰሞን ግን በከተማው የሚያስቅ ነገር አልነበረም። የልብስ ሰፊዋ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ወጥታ እንደቀረች አራት ወር ሆኗታል። ፎቶዋ ያልተለጠፈበት ግድግዳ ስላልነበረ፣ ሰው ከገዛ ሚስቱ ፊት ይልቅ የእሷን አጥርቶ ያውቅ ነበር። እናትየው መቀሷን አስቀምጣ በየበሩ «ልጄን አይታችኋል?» ስትል ትውላለች። ፖሊስም ከገበያው ጀምሮ ቤት ለቤት ይፈትሻል። ሐሙስ ሰማይ ቀቢው ሰፈር ይደርሳል ተብሏል።

ሰኞ ጠዋት ጡረታ የወጣው ሰዓት ሠሪ ሰማይ ቀቢውን አስጠራው። ብቻውን የሚኖር፣ ሰላምታ እንኳ ከኪሱ የሚወጣ የሚመስለው ሽማግሌ ነው። ወደ ጓዳው አስገባው። ክፍሉ መስኮት የለውም። አንድ አጭር አልጋ፣ አንድ ባልዲ፣ በበሩ በውጭ በኩል አዲስ መቀርቀሪያ።

«ማን ሊተኛበት ነው ጋሼ?»

«እህቴ ልትመጣ ነው።»

«እህትዎን ነው በውጭ የሚቀረቅሩባት?»

«አእምሮዋ ደክሟል። በሩን ከፍታ ትወጣና መንገዱ ይጠፋባታል። ብርሃን ዓይኗን ያማታል፣ ጨለማው ደግሞ ያስፈራታል። ምን ላድርግ ታዲያ? አንተን ጠራሁ።»

ሰማይ ቀቢው መቀርቀሪያውን በመዳፉ ገፋ ገፋ አደረገው።

«ብሎኑ አጭር ነው። ከውስጥ በደንብ ቢገፉት ይነቀላል። አልጋውስ አላጠረም?»

«ድሮም እፍኝ ነበረች።»

«እሺ፣ ኮከቡን ላብዛው። ካነሰ በሦስት ወር ቆጥረው ይጨርሱትና ለቅሶ ይጀምራሉ።»

«እነማን ናቸው ደግሞ? ልጆች አሉህ እንዴ?»

«ኧረ ላጤ ነኝ ጋሼ! ጣሪያ ሲያይ የሚውል ወንድ ማን ያገባል?»

ሽማግሌው ከት ብሎ ሳቀ። ሲስቅ የተሰማው በዚያን ቀን ብቻ ነው።

ሁለት ቀን ተኩል ተሠራ። ሰማይ ቀቢው የበሩን ስንጥቅ በጥቁር ጨርቅ ወትፎ፣ የጣውላ መወጣጫው ላይ በጀርባው ተንጋሎ፣ መብራት እያበራና እያጠፋ ነጠብጣቡን ይለካል። ሽማግሌው በየሰዓቱ ብቅ እያለ «አላለቀም?» ይላል።

«ሰማይ እኮ ነው ጋሼ! ፈጣሪም በግማሽ ቀን አልጨረሰው።»

አንድ ጊዜ ሽማግሌው ብስኩትና የሕፃናት ሥዕል ደብተር ይዞ ገባ፤ ትራሱ ሥር አስቀመጠ። ሰማይ ቀቢው ከላይ ሆኖ አየው።

ረቡዕ ከቀትር በኋላ ብሩሾቹን አጥቦ ወጣ። በቀጥታ የሄደው ፖሊስ ጣቢያ ነበር። መቀርቀሪያውን፣ አጭሩን አልጋ፣ የሥዕል ደብተሩን አንድ በአንድ ተናገረ።

«እህቱን አይተሃታል?» አለው መርማሪው።

«ኧረ እህት እንዳለችውም የሰማ የለም።»

«ታዲያ ሰኞ ለምን አልመጣህም?»

«እርግጠኛ ሳልሆን የሰው ስም ላጥፋ?»

ፖሊሶቹ ሲወጡ ከተማው ተከተላቸው፤ ዓመት ሙሉ ከአልጋ ያልተነሳ ሁሉ በዚያ ቀን ሮጧል። ጓዳው ውስጥ ፍራሹ ተገለበጠ። ከሥሩ የፀጉር ሪባን ተገኘ።

ልብስ ሰፊዋ ጠርዙን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው።

«ስፌቱ የኔ ነው» አለች።

መርማሪው መብራቱን አጠፋ። ጣሪያው በአንድ ጊዜ በኮከብ ተሞላ። ሪባኑም በመዳፏ ላይ አብሮ በራ፤ ደርቆ የተፈረፈረ ቀለም እዚህም እዚያም ተጣብቆበታል።

«ይኸው» አለ መርማሪው። «ከዚህ ሰማይ ሥር ነበረች።»

ሽማግሌው «ለእህቴ ነው፣ ነገ በአውቶቡስ ትመጣለች» እያለ ሲምል፣ ከደጅ የተወረወረ ድንጋይ አፉ ላይ አረፈ። እናትየው እግሩ ሥር ተንበረከከች።

«አባባ፣ ምንም አላደርግዎትም። የጣሏትን ቦታ ብቻ ይንገሩኝ። ልቅበራት።»

«አላውቅም ልጄ» አለ፣ ደም እየተፋ። «እውነቴን ነው፣ አላውቅም።»

ያን ያመነው የለም።

ሐሙስ የቤት ለቤቱ ፍተሻ ተሰረዘ። ፖሊስ ሁሉ አካፋ ይዞ የሰዓት ሠሪውን ጓሮ ይቆፍር ጀመር፤ ከምድር ማዶ ብቅ ሊሉ ምንም አልቀራቸውም። ሰማይ ቀቢውም ከአጥሩ ዳር ቆሞ ሲያይ አረፈደ። ያለፈ ያገደመው ትከሻውን መታ መታ ያደርገዋል። ልብስ ሰፊዋ መጥታ ሁለት እጆቹን ያዘች፤ ጎንበስ ብላ ሳመቻቸው።

«ቁርጤን አሳወቅከኝ» አለችው። «ከዛሬ ጀምሮ ጥቁር እለብሳለሁ።»

«ያጽናሽ እህቴ» አላት።

ሰማይ ቀቢው ቤቱ ገብቶ ምሳውን ለሁለት ከፈለ፤ ግማሹን ወደ ምድር ቤት ይዞላት ወረደና፣ «እናትሽ መፈለጉን ተወች» አላት።