የመርቪን አረንጓዴ ኮፍያ

መርቪን የቁም ሳጥኑን መሳቢያ እንደገና ገልብጦ ወለሉ ላይ ዘረገፈው። አረንጓዴው ኮፍያ የለም።

አውስትራሊያ ውስጥ ለብሔራዊው የክሪኬት ቡድን የተሰለፈ ሰው ይህ ኮፍያ፣ ስሙ ከውስጥ ተጽፎበት፣ አንዴ ብቻ ይሰጠዋል። ቢያረጅ አይለውጠውም፤ ቢቆሽሽ ደግሞ ጨርሶ አያጥበውም። ምክንያቱም በነተበ ቁጥር ክብሩ ይጨምራል። የመርቪን ታዲያ ጠርዙ ተበልቶ፣ ውስጡ በላብ ጠቁሮ፣ ከክብርም ክብር ላይ ደርሶ ነበር። ፀጉሩ ስለሳሳ ነው መሰል ወደ ጆሮው ቢንሸራተትበትም ግድ አልነበረውም።

ነገ ጠዋት አደላይድ ሜዳ ላይ ለአዲስ ተጫዋች የመጀመሪያ ኮፍያውን የሚያለብሰው እሱ ነው። ይህን የሚያደርግ አንጋፋ የራሱን ሳይደፋ ከመጣ መሳቂያ ይሆናል።

"ሬክስ ነው!" አለ። "ትናንት እዚህ ተቀምጦ ቢራዬን እየጠጣ ሲያገላብጠው ነበር።"

ሚስቱ ኔሪዳ እጇን በሽርጧ እያደረቀች ከጓዳ ብቅ አለች። "መርቪን፣ ስማኝማ..."

"ተይኝ አንቺ ደግሞ! ቅናት ነው። የእሱ ከጠፋ ጀምሮ ዓይኑ የእኔ ላይ ነው።"

ሬክስ ጎረቤቱም የድሮ የቡድን ጓደኛውም ነው። እንግሊዝን ያሸነፉ ዕለት ሁሉም ኮፍያቸውን በደስታ ወደ ሰማይ ወረወሩ። ተመልካቹ ሜዳው ላይ ፈሰሰ፤ እነሱም እየተሻሙ ከሣሩ ላይ አነሱ። ሬክስ ብቻ ኮፍያውን አጥቶ ባዶ ራሱን ወጣ። ይኸው እስከ ዛሬ "ኮፍያ የለሹ" ይሉታል። የነገውም ክብር እሱን አልፎ ለመርቪን የደረሰው በዚሁ ነው።

መርቪን ሄዶ የሬክስን በር ደበደበ።

"አውጣ!"

"ምኑን?"

"ኮፍያዬን፣ አንተ ሌባ!"

ሬክስ ሳቁ መጣ። "ይሄን ዱባ የሚያክል ጭንቅላት ይዤ ያንተን ሚጢጢ ኮፍያ ምን ላደርገው? አናቴ ላይ እንደ ቡሽ ልወትፈው?" ከዚያ ፊቱ ተለወጠ። "ግባና ፈትሽ። እኔ የሰው ኮፍያ አልነካም። የእኔን የወሰደውን ግን እስክሞት እረግመዋለሁ።"

መርቪን አልጋ ሥር ሳይቀር ፈተሸ። አጣ። "ሌብነትህን ነገ ሜዳው መሀል ቆሜ ነው የምናገረው!" ብሎ እየተበሳጨ ተመለሰ።

ኔሪዳ እርጥብ ነገር ይዛ በር ላይ ጠበቀችው።

"አላስጨርስ አልከኝ እንጂ... አጥቤው ነው። የቴሌቪዥን ካሜራ ፊት ልትቆምበት፣ ያ ሽታው!"

"አጠብሽው?" መርቪን ራሱን ይዞ ወንበር ላይ ዘፍ አለ። "ገደልሽኝ! በቃ ገደልሽኝ!"

ኔሪዳ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ውስጡን እየው።"

ገለበጠው። ስንት ዘመን በላብ ተሸፍኖ የኖረው ጨርቅ ነጥቶ፣ የተጻፈበት ስም ቁልጭ ብሏል፦ ሬክስ ዶኔጋን።